ዝሆን ያላየንበት ጉዞ

(የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተከበረበት ዕለት የተፈጥሮና የቅርስ ክበብ ጸሐፊ የሆነው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያሰማው ንግግር)



በዚህ በታላቅ በዓላችን ቀን በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል እንዳሰማ ስለ ተፈቀደልኝ ከሁሉ አስቀድሜ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የክበባችን አባሎች ከእኔ የተሻለ ተናጋሪ ሳያጡ ይህን ዕድል ለእኔ የሰጡኝ የጉዞውን ማስታወሻ የያዝሁት እኔ በመሆኔ ነው። ስለዚህ በአነጋገሬ ጉድለት ቢገኝ ለእኔ ይቆጠር፤ የሚጠቅም ነገር ቢገኝበት ግን አብረውኝ ለተጓዙት ጓደኞቼና ለደከሙልን መምህራን እንዲቆጠር እለምናለሁ።

ባለፈው የካቲት ወር፤ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፤ ሦስት ቀን የፈጀ ጉዞ አድርገን በተመለስን ጊዜ ከወላጆቻችን ጀምሮ እስከ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ድረስ ያገኘን ሰው ሁሉ የጠየቀን ጥያቄ አንድ ነበር። እርሱም «ዝሆን አያችሁ?» የሚል ነው። መልሳችንም አንድ ነበር፤ «አላየንም።» ይህን የሰማ ሁሉ ሳቀብን። ታናሽ እኅቴማ «ታዲያ ለምን ሄዳችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለጊዜው መልስ አጣሁ። ዛሬ የምናገረው ያን ቀን ለእርሷ ሳልመልስላት የቀረሁትን መልስ ነው።

የጉዞው አሳብ የፈለቀው ከጂኦግራፊ መምህራችን ነው። አንድ ቀን ካርታ አስዘርግተውን ሳለ «ከእናንተ መካከል የናይል ወንዝ ከየት እንደሚነሣ የሚያውቅ እጁን ያውጣ» አሉ፤ ሁላችንም አወጣን። ቀጥለው «ደቻቱ ከየት እንደሚነሣ የሚያውቅ እጁን ያውጣ» አሉ፤ ሁለት ልጆች ብቻ አወጡ። እኒያም ሁለቱ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። መምህራችን ካርታውን ጠቀለሉና «እንግዲህ ሄደን እናየዋለን» አሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችን ከዐቅማችን አዋጣን፤ ወላጆቻችን ስንቅ ቋጠሩልን፤ አንድ አሮጌ አውቶቡስም ተከራየን።

የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ግን አውቶቡስ አላስፈለገውም። ከከተማችን በስተ ደቡብ፤ ከደቻቱ አሸዋ ከፍ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ አንድ ዋሻ አለ። ስሙ ፖርክ ኤፒክ ይባላል፤ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፤ በእግር ለሚደረስበት ለዚህ ዋሻ እኛ የድሬዳዋ ልጆች ባዳ ሆነን ስንኖር ሌሎች ባሕር ተሻግረው መጥተው አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ1929 ፒየር ቴይያር ደ ሻርዳን የተባሉ ፈረንሳዊ ካህንና የመሬት ጥናት ሊቅ ከአገራቸው ሰው ከአንሪ ደ ሞንፍሬ ጋር ሆነው ዋሻውን ለዕውቀት ዓለም አስተዋወቁ። እ.ኤ.አ. በ1933 ተቆፍሮ ብዙ የድንጋይ መሣሪያና የጥንት ሰው የመንጋጋ አጥንት ቁራጭ ተገኘበት። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ተመራማሪዎች ደጋግመው መጥተዋል።

ከዋሻው ከተገኘው ሁሉ እጅግ ያስገረመን ቀዩ አፈር ነው። ከ4,000 የሚበልጥ የቀይና የቢጫ አፈር ቁራጭ ከዚያው ዋሻ ወጥቷል፤ ጠቅላላ ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ዕድሜውም ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። የጥንት ሰዎች ይህን አፈር ከሌላ ስፍራ ሰብስበው በድንጋይ እየፈጩ ቀለም ያደርጉት ነበር፤ የፈጩበትም ድንጋይ ቀለሙን እንደ ያዘ ተገኝቷል። እንዲሁም ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘላለም አሰፋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ከመቶዎች የሚቆጠሩ በመካከላቸው ቀዳዳ ያለባቸው የቀንድ አውጣ ክዳኖች ከዚሁ ዋሻ መገኘታቸውን ገልጠዋል፤ እንደ ዶቃ ለጌጥ ሳያገለግሉ አልቀሩም ይላሉ። በግድግዳው ላይም ዘመን ያደበዘዛቸው ሥዕሎች አሉ። ከከተማችን 38 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በለጋ ኦዳ ደግሞ የከብትና የሰው ሥዕል ከዚህ ይልቅ ጎልቶ እንደሚታይ መምህራችን ነገሩን፤ ጊዜ ስላጠረን ግን ለሌላ ዓመት አቆየነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባኛል። ዋሻውን ስናይ ያን ቀን የመጀመሪያ ጊዜዬ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ከሰፈር ልጆች ጋር ወጥቼ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ዋሻው የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረኝም፤ ጥላ ያለበት ድንጋይ መስሎኝ ነው የገባሁት። ስንመለስ በዋሻው አፍ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ በከሰል ስሜንና ዓመተ ምሕረቱን በትልልቅ ፊደል ጻፍሁ። በዚያን ጊዜ ጀግንነት መስሎኝ ነበር።

መምህራችን ስለ ቀዩ አፈር ሲያስረዱን ቆይተው ለመውጣት ዘወር ሲሉ ዐይናቸው ጽሕፈቱ ላይ ዐረፈ። ጮክ ብለውም አነበቡት። ከዚህ በኋላ ማንም ቃል አልተናገረም፤ በክፍላችን ያ ስም ያለው ልጅ አንድ ብቻ ነው። እኔም አንገቴን ደፍቼ «እኔ ነኝ» አልሁ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እርሳቸው ግን አልተቆጡም። መሐረቤን አውጥቼ ልጠርገው ስል ክንዴን ያዙና «ተው፤ ስትፍቀው ድንጋዩን ትጎዳዋለህ። ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው እስኪመጣ ይቆይ። አንተም በመጣህ ቁጥር አንብበው» አሉኝ።

ክቡራን ወላጆች፤ አለንጋ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በረሳሁት ነበር። ያን ጽሕፈት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አርባ ሺህ ዓመት በሰው እጅ ተፈጭቶ የተቀመጠ ቀለም ባለበት ስፍራ የእኔ ከሰል ምን አገባው? ይህን የምነግራችሁ ኀፍረት አጥቼ አይደለም፤ በዚያ ድንጋይ ላይ ስማቸው ያለ ሌሎች የዚህ ትምህርት ቤት ልጆችም ስላሉ ነው።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ተነሥተን ወደ ደንገጎ አቀበት ወጣን። አውቶቡሳችን መንገዱን ስላልወደደው በግማሽ አቀበት ላይ ውኃው ፈልቶ ቆመ። ሾፌራችን ጋሼ (እንዲህ ብለን ነው የምንጠራቸው) በእርጋታ ወርደው መኪናውን እንዲበርድ ሲያቆዩት እኛም ወርደን ወደ ኋላችን ተመለከትን። ድሬዳዋ ከሥራችን ተዘርግታ ታየች። የደቻቱም አሸዋ ከተራራው ሥር ወጥቶ በከተማይቱ መካከል እንደ ነጭ መቀነት ሲያልፍ፤ ከዚራን በአንድ ወገን፤ መጋላን በሌላው ወገን አድርጎ ሲከፍል በግልጥ አየነው። የመምህራችን ጥያቄ መልስ ይኸው ነበር። ደቻቱ የሚነሣው እኛ ከቆምንበት ተራራ ነው።

መምህራችን ግን ዐይናችንን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን አዞሩት። ተራራው አብዛኛው የተራቆተ ነው። በአንዳንድ ስፍራ ገበሬዎች በድንጋይ እርከን የሠሩበት አለ፤ ቁጥቋጦም የቀረበት አለ፤ በብዙው ስፍራ ግን ድንጋዩ አጥንቱን አውጥቶ ይታያል። ዛፍ ባለበት ተዳፋት ላይ ዝናብ ሲዘንብ ቅጠል ይቀበለዋል፤ ሥር ይይዘዋል፤ አፈርም ይጠጣዋል፤ ውኃውም ቀስ እያለ ይወርዳል። በተራቆተ ተዳፋት ላይ ግን የአንድ ሌሊት ዝናብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሰብስቦ አፈርና ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ያ ውኃ የሚመጣው ወደ ማን ቤት ነው? ወደ እኛ ቤት ነው።

ይህ ከመጽሐፍ የተገኘ ትምህርት ብቻ አይደለም። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ በዚህች ከተማ ላይ ያደረሰውን እዚህ የተቀመጣችሁ ወላጆች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ሺሆችም ቤት አልባ ሆኑ። እኛ ተማሪዎቹ ያን ጊዜ አልተወለድንም። እናቴ ስለዚያ ሌሊት ስትናገር ሁልጊዜ የምታስታውሰው ድምፁን ነው፤ «ባቡር የመጣ መሰለኝ» ትላለች። ደንገጎ ላይ ቆመን ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው እያንዳንዱ ከየቤቱ የሰማውን ያወራ ጀመር። አንዱ አጎቱን፤ አንዷ የአያቷን ጎረቤት፤ ሌላው ደግሞ ስሙን ያልሰማውን ታላቅ ወንድሙን አነሣ። መኪናው በርዶ ሾፌራችን ሲጠሩን እንኳ ወዲያው አልተነሣንም።

ከደንገጎ አልፈን ወደ ደጋው ስንገባ ሐረማያ ደረስን። «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው፤ ቀድሞ አለማያ ተብሎ ይጠራ የነበረውም ስፍራ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅ፤ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፤ እዚሁ ይገኛል። አባቶቻችን በጀልባ የተንሸራሸሩበትና ዓሣ የተጠመደበት የሐረማያ ሐይቅ ግን የእኛ ዘመን ከመጀመሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ደርቆ ነበር። ሐይቅ እንደ ሰው በአንድ ቀን አይሞትም። ከዙሪያው ተራራ አፈር እየታጠበ ወለሉን ሞላው፤ ለሐረር ከተማ መጠጥ ውኃው ተቀዳ፤ ለጫትና ለአትክልት ማጠጫ በብዙ ሞተር ተሳበ፤ ፀሐይም የራሷን ድርሻ ወሰደች። እያንዳንዱ የወሰደው ጥቂት ነበር፤ ሁሉም የወሰዱት ተደምሮ ግን ሐይቁን ጨረሰው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ሐረርም ውኃ ስለ ቸገራት ዛሬ ከድሬዳዋ በኩል፤ ከቆላው፤ ከተቆፈረ ጉድጓድ በቧንቧ ሽቅብ ይወጣላታል። ውኃ ከደጋ ወደ ቆላ መውረዱ የተፈጥሮ ሕግ ሆኖ ሳለ እኛ ሰዎች ግን ሽቅብ እንዲወጣ አስገደድነው።

ነገር ግን ማስታወሻዬን በዚህ ብዘጋው ውሸታም እሆናለሁ። ሐይቁ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተመልሶ ውኃ ይዟል። ዝናብ ረድቶታል፤ በዙሪያው ያለው ተዳፋት በእርከንና በተክል እንዲጠበቅ የደከሙ ሰዎችም ረድተውታል። እኛም በደረስን ጊዜ ውኃው በጠዋት ፀሐይ ሲያብለጨልጭ፤ ወፎችም ሲያርፉበት አየን። ከመካከላችን አንዷ ተማሪ «አያቴ ይህን ሐይቅ ለሁለተኛ ጊዜ አየሁት ብላ አለቀሰች» ስትል ነገረችን። እንግዲህ የጠፋ ነገር ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም ማለት ነው። ሆኖም ጠፍቶ ከመፈለግ ሳይጠፋ መጠበቅ ይቀላል፤ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለውን ምሳሌ ከዚያ ሐይቅ ዳር ሆኖ ማሰብ ትርጉሙን ያጠልቀዋል።

አወዳይን አልፈን ከቀትር በፊት ሐረር ገባን። ስለ ሐረር ብዙ ስለ ተጻፈ አላስረዝምም። በአሚር ኑር ዘመን፤ በ16ኛው መቶ ዓመት፤ የታነጸውን የጀጎልን ግንብ በእግራችን ዞርነው። ከአምስቱ የጥንት በሮችም በአንዱ ገብተን በጠባቦቹ መንገዶች ጠፋን፤ ተመልሰንም ተገናኘን። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብሮችና ገዳማት እንዳሉ ተነገረን። ይህች ከተማ በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ መዝገብ የገባችው በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. ነው። ወሩንና ዓመቱን ልብ በሉ። ደቻቱ ሕዝባችንን የወሰደበት ያው ወር ነው። በዚያ በአንድ ወር ውስጥ አንዲት ከተማ አራት መቶ ዓመት አልፎት የተጠበቀ ግንቧ አስከበራት፤ ከ55 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ርቀት ላይ ያለች እኅቷ ደግሞ ሳይጠበቅ የቀረ ተራራ ተናደባት። ይህን ያስተዋለው ከእኛ መካከል የታሪክ ትምህርት አይሆንልኝም የሚለው ልጅ መሆኑን ለመምህራኑ ደስታ እገልጣለሁ።

በሐረር ያስደነቀኝ ሌላው ነገር ጅብ ነው። በግንቡ ሥር ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ጅብ ገብቶ የከተማውን ጥራጊና አጥንት ሲያጸዳ ያድራል፤ ሰውም አያሳድደውም። በየዓመቱ በዐሹራ በዓል ገንፎ ተሠርቶ ለጅቦች የሚቀርብበት ልማድ አለ። ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበላ ሰው ሥጋውን በእንጨት አንጠልጥሎ በየስማቸው ሲጠራቸው ተመለከትን፤ ደፋር የነበሩት ጓደኞቼ እንጨቱን ተቀብለው አበሉ፤ እኔ ግን ማስታወሻ መያዝ ስለ ነበረብኝ ከሾፌራችን ኋላ ቆሜ ጻፍሁ። ሰውና አውሬ በአንድ ስፍራ ለመኖር ውል ሊኖራቸው እንደሚችል ያን ሌሊት ገባኝ። ውሉ በወረቀት አልተጻፈም፤ ሁለቱም ወገኖች ግን ያከብሩታል።

ሌሊቱን በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ አድረን በሦስተኛው ቀን ወደ ባቢሌ ወረድን። በመጀመሪያ ከባቢሌ ከተማ አልፈን የዳካታን ድንጋዮች አየን። አንዱ ድንጋይ በሌላው ጫፍ ላይ ልክ ሰው እንዳስቀመጠው ሆኖ ይቆማል፤ ነገር ግን ያቆመው ሰው ሳይሆን ለስላሳውን ክፍል እየሸረሸረ ጠንካራውን የተወ ነፋስና ውኃ ነው። ከዚያ ተመልሰን የባቢሌን ለውዝ ገዝተን እየበላን ወደ ኤረር ሸለቆ ተጓዝን፤ የመጣነው ለዚህ ነበርና የሁላችንም ልብ ቸኩሎ ነበር።

የባቢሌ የዝሆን መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በውስጡ የኤረርና የጎበሌ ሸለቆዎች ይገኛሉ። ዝሆኖቹ በወቅቱ ውኃና መኖ እየተከተሉ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ይዘዋወራሉ። በዚህ በምሥራቁ አገራችን በረሃ ውስጥ ከሌሎች ዝሆኖች ተለይተው የቀሩ፤ ቁጥራቸውም በጥቂት መቶ ብቻ የሚገመት ናቸው። ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳም የዚያው ዱር ነዋሪ ነው። አንዲት ዝሆን አርግዛ ለመውለድ 22 ወር ይፈጅባታል፤ አብዛኛውን ጊዜም የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ጥይት በአንዲት ደቂቃ የሚያጠፋውን ተፈጥሮ ለመተካት ስንት ዓመት እንደሚያስፈልጋት የሒሳብ ተማሪዎች አስሉት።

የመጠለያው የጥበቃ ሠራተኛ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አንግተው ከፊት ከፊታችን ሄዱ። በአሸዋው ላይ ሰፌድ የሚያህል ኮቴ አሳዩን፤ ከጠርዙ አሸዋ ገና ይንሸራተት ነበር። የቁልቋል ፍሬ የሞላበት ፋንድያ፤ ቅርፊቱ የተላጠ ግራር፤ በደረቀው ወንዝ ውስጥ ውኃ ለማውጣት የተማሰ ጉድጓድ አሳዩን። ዝሆን አሸዋውን ምሶ ያወጣውን ውኃ እርሱ ጠጥቶ ሲሄድ ሌሎች እንስሳት መጥተው ይጠጡታል አሉን። «ትናንት ሌሊት ነው ያለፉት፤ ግልገል የያዙ ናቸው» ሲሉ ነገሩን።

በመንገዳችን ላይ ማሳቸው ዳር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘን። ሰላምታ ሰጥተን ወደ ዝሆን መምጣታችንን ብንነግራቸው ፈገግ አሉ። በኦሮምኛ የተናገሩትን አብራን የነበረች ተማሪ ተረጎመችልን። «ልጆቼ፤ እናንተ ዝሆን ለማየት ገንዘብ አውጥታችሁ ትመጣላችሁ፤ እኔ ደግሞ ዝሆን እንዳላይ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ሳነድ አድራለሁ» አሉ። ማሽላቸው ከአጨዳ በፊት በአንድ ሌሊት እንዴት እንደ ተረገጠባቸው በእጃቸው እያመለከቱ አሳዩን። አንድ ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎ ግራም መኖ እንደሚበላ በክፍል ተምረን ነበር፤ ያ መኖ የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ ሊሆን እንደሚችል ግን አልተማርንም ነበር።

ከእኛ አንዱ ችኩል ሆነና «እንግዲያው ዝሆኑ ከዚህ ቢሄድ ይሻላል አባባ?» ብሎ አስጠየቃቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው «እርሱ የት ይሂድ? እኔስ የት ልሂድ?» አሉ። ከዚህ በኋላ ስለ አዝመራችንና ስለ ወላጆቻችን ደኅንነት ጠየቁን፤ መርቀውም ሸኙን። በእውነቱ ከሆነ ከዚያ ቃል የሚበልጥ ጥያቄ በሦስቱ ቀን አልሰማሁም፤ መልሱንም ዛሬ ይዤላችሁ አልመጣሁም። አገር የሚያስተዳድሩም፤ ሊቃውንትም፤ የዚያ ሸለቆ ሰዎችም አብረው ተቀምጠው የሚፈልጉት መልስ ነው። እኛ ተማሪዎቹ ቢያንስ ጥያቄው ሁለት ወገን እንዳለው አውቀን ተመልሰናል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከወንዙ ማዶ ካለው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን። ደጋግሞ ተሰበረ። ሁላችንም እስትንፋሳችንን ያዝን። ጥቂት እርምጃ ብንጠጋ፤ ያችን ጉብታ ብቻ ብንዘልቅ፤ ዝሆኖቹን እናያቸው ነበር። የጥበቃው ሠራተኛ ግን እጃቸውን አነሡና «ከዚህ አይታለፍም» አሉ። አንዳንዶቻችን አጉረመረምን፤ «ይህን ያህል መንገድ መጥተን!» ያለም ነበር። እርሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግልገል አላቸው። ብንጠጋ ይደነግጣሉ፤ የደነገጠ መንጋ ደግሞ የሚሮጠው ወዲያ ወደ ማሳው ነው። እናንተ አይታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ዛሬ ሌሊት ዋጋውን የሚከፍለው ያ ሽማግሌ ነው» አሉን። መምህራችንም ያለ አንዳች ክርክር «እንመለስ» አሉ። የመሰባበሩን ድምፅ እየሰማን ጀርባችንን ሰጥተን ተመለስን።

ክቡራንና ክቡራት፤ ዝሆን ያላየነው በዚህ ምክንያት ነው። ያጣነው አልነበረም፤ ተውነው። በአውቶቡሱ ውስጥ ስንመለስ ብዙ ጊዜ ማንም አልዘፈነም። በዋሻው ላይ የጻፍሁት ስምና ያ «ከዚህ አይታለፍም» የሚለው ቃል በአሳቤ ውስጥ ተገናኙ። እኔ በዋሻው አፍ ላይ የጻፍሁት ማንም «ከዚህ አይታለፍም» ስላላለኝ ነበር፤ ቢለኝም ለምን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። ደንገጎ የተራቆተው፤ ሐረማያ የደረቀው እያንዳንዱ ሰው አንድ እርምጃ ብቻ ስለ ዘለቀ ነው። የሐረር ግንብ የቆየው፤ ዝሆኑም እስከ ዛሬ በሸለቆው የቀረው በየዘመኑ አንዳንድ ሰዎች እጃቸውን አንሥተው ስላቆሙን ነው። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. መንግሥታችን ከ6 ቶን የሚበልጥ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት ማቃጠሉን አንብበናል። የጥርስ ንግድ ይብቃ የሚል መልእክት ነበረው። ነገር ግን እሳቱ የሞቱትን አያስነሣም፤ የቀሩትን የሚያቆያቸው በየዕለቱ በአሸዋ ላይ ኮቴ የሚከተሉት ሠራተኞችና ማሽላቸው እየተበላ የሚታገሡት ገበሬዎች ናቸው።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ክበባችን በዚህ በበዓል ቀን ሦስት ነገር እንዳቀርብ አዝዞኛል።

አንደኛ፤ ወደ ትምህርት ቤታችን አዲስ የሚገቡ ተማሪዎች ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት ከመምህር ጋር ሆነው ፖርክ ኤፒክን እንዲጎበኙ እንለምናለን። ሳያውቅ የሚያበላሽ ልጅ ከእኔ ጋር ያብቃ።

ሁለተኛ፤ በመጪው ክረምት ከደቻቱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የአካባቢው ሰዎች በሚያሳዩን ስፍራ ችግኝ እንተክላለን። ችግኝ መትከል ቀላል ነው፤ በየዓመቱ ብዙ ይተከላል። የእኛ ቃል ኪዳን ግን የተከልነውን ለሁለት ዓመት ውኃ ማጠጣትና ከፍየል መጠበቅ ነው። በሚቀጥለው የበዓል መጽሔት ላይ የተከልነውን ሳይሆን የጸደቀውን ቁጥር እንጽፋለን፤ ቁጥሩ ቢያንስም አንደብቀውም።

ሦስተኛ፤ ወላጆች ሆይ፤ ስለ 1998 ዓ.ም. ጎርፍ የምታስታውሱትን ንገሩን። ልጆቻችሁ ይጽፉታል፤ በቤተ መጻሕፍታችንም ይቀመጣል። የሐረር ሰዎች ግንባቸውን ጠበቁ፤ እኛ የድሬዳዋ ሰዎች ትዝታችንን እንጠብቅ፤ ከትዝታችንም ተራራችንን መጠበቅ እንማር።

በመጨረሻም ለታናሽ እኅቴ መልሴን ልስጥ፤ እዚያ ከኋላ ከእናታችን ጎን ተቀምጣለች። ዝሆኑን አላየሁትም። አንቺ በእኔ ዕድሜ ደርሰሽ በዚያ ሸለቆ ስትሄጂ ግን ኮቴውን እንድታገኚ ጀርባዬን ሰጥቼው ተመለስሁ። የሄድኩት ለዚህ ነው።